ጉርሻ ያሰነፈው እጅ

አክስቴ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ትኖራለች። ባለፈው ዓመት ስትሮክ ቀኝ ጎኗን ያዛት። ከወራት ሕክምና በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው «እማማ፣ እጅዎን ወደ ላይ» ሲላት ታነሳለች፤ ኩባያ ሲሰጣት ትይዛለች። ነጥቧ በየቀጠሮው ከፍ ሲል እኛም «አልሐምዱሊላህ» አልን።

ቤት ስትገባ ግን ያ እጅ ከነጠላዋ ሥር ጭኗ ላይ ይተኛል። በግራ መብላት ነውር ነውና ምሳ ሲቀርብ ልጆቿ ተራ በተራ ያጎርሷታል። ጀበናው ወዳለበት ዘንበል ስትል ሴት ልጇ ቀደም ብላ «እማ፣ ተይው፣ እኔ እቀዳዋለሁ» ትላለች። አንድ ቀን ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ቀኝ እጇ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሳ፤ እሱም ዝንብ ለማባረር።

አክስቴ ሰንፋ አይደለም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ታውብ የአንድ እጃቸው ስሜት የተቋረጠባቸውን ጦጣዎች ሲያጠና፣ በዚያ እጅ ሞክረው ሲያቅታቸው በደህናው ብቻ መኖርን እንደሚለምዱ አየ። ደህናው ሲታሰርባቸው የተተወው እጅ ወደ ሥራ ተመለሰ። ከዚህ የተወለደው ሕክምና የታማሚውን ደህና እጅ በጓንት ሸብቦ ደካማውን ማሠራት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ ይፋ በሆነና 222 ታማሚዎች በተሳተፉበት ሙከራ ጥቅሙ ታይቷል።

ለመሆኑ ቤት ውስጥ ማን ይቆጥራል? በሕክምና ክፍል ውስጥ የሚሠራበት የፉግል-ማየር መለኪያ ለክንድና ለእጅ 66 ነጥብ ይዟል፤ የሚነግረን ግን እጁ ታዞ ምን እንደሚችል ነው። ሳይታዘዝ ምን እንደሚሠራ ቤተሰብ ቢጠየቅ «ደህና ናት፣ ትጠቀምበታለች» ይላል። እኔም እንደዚያ ብያለሁ።

በሁለቱም እጅ አንጓ ላይ እንደ ሰዓት የሚታሰረው ሴንሰር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ውስጡ ያለው አክስለሮሜትር፣ ማለትም እንቅስቃሴ መለኪያ፣ ስልካችንን ስናጋድም ስክሪኑን የሚያዞረው ዓይነት ነው። ቀኑን ሙሉ የሁለቱን እጆች እንቅስቃሴ መዝግቦ ያነጻጽራል። ቀኝ እጃችን ብቻ የሚሠራ ይመስለናል እንጂ ግራው ሲይዝና ሲደግፍ ነው የሚውለው፤ በጤነኛ አዋቂዎች ላይ በተደረገ ልኬት ሁለተኛው እጅ የሚሠራበት ሰዓት የዋናውን 95 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። የአክስቴ ቢለካ ስንት እንደሚወጣ ማሰቡ ያሳፍረኛል።

መሣሪያው ሞኝነትም አለው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ የወረደ ታማሚ ሁለቱም እጆቹ እኩል ስለሚናጡ መዝገቡ ላይ ድኖ ይገኛል! በእግር ሲሄድ የሚወዛወዝ ክንድም እንደ ሥራ ይቆጠርለታል። ስለዚህ የመንገዱን ሰዓት ጽፎ ማስቀነስ የግድ ነው። ጣት መጨበጥ አለመጨበጡንም አንጓ ላይ ያለ ሴንሰር በደንብ አይለይም።

«የደም ግፊት መድኃኒት ሳይሟላ ምን ሴንሰር?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ መድኃኒቱ ይቅደም። እኔ የምጠይቀው ለእያንዳንዱ ታማሚ አንድ አንድ እንዲገዛ አይደለም። የፊዚዮቴራፒ ክፍሎቻችን ጥቂት ጥንድ ሴንሰሮች ይኑሯቸውና ታማሚው ሲወጣ ለሦስት ቀን ያውሱት፤ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ እንደገና። ከወረኢሉ ወይም ከተንታ የመጣ ሰው በየሳምንቱ ደሴ ሊመላለስ አይችልም። ቤቱ የዋለበትን መዝገብ ግን ዘመድ ይዞለት ሊመጣ ይችላል።

ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት ተቆጣች። «እናቴን አላጉርሳት ነው የምትለኝ?» ባለሙያውን አማክረን፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጉርሻዎች ራሷ ትቁረስ፣ ቢፈስም ዝም በሏት አልኳት። ከስድስተኛው በኋላ ያለውን አንቺ ታውቂያለሽ።