ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለው ነገር ተዘሏል

ስለ አንጀት ቁስለት በሽታዎች ኦፕራሲዮን ያወጣችሁት ጽሑፍ «የታመመው አንጀት ከተቆረጠ በሽታው ይነቀላል» ይላል። ትልቁን አንጀት ለሚያቆስለው አልሰራቲቭ ኮላይተስ እውነት ነው፤ ትልቁ አንጀት ከነፊንጢጣው ሲወጣ የአንጀቱ ቁስለት ያበቃል። የትኛውንም የአንጀት ክፍል ሊያቆስል የሚችለው ክሮንስ ግን ብዙ ጊዜ አንጀቱ ተቆርጦ በተሰፋበት መገጣጠሚያ ላይ ይመለሳል፣ ሲጋራ ደግሞ ያፋጥነዋል። ሕመም ባይኖርም ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) መደረግ አለበት። እኛ አገር የአንጀት ቲቢ ክሮንስን ቁጭ ስለሚመስል፣ ቲቢ ሳይጣራ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመውን ፕሬድኒሶሎን መጀመርም አደገኛ ነው።

እባካችሁ፣ ትንሹ አንጀታቸው በሆዳቸው በኩል ወጥቶ ከረጢት ተለጥፎላቸው በአዲስ አበባ ዳርቻ ወዳሉት ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ለሚመለሱ ሰዎችም ጻፉ። በከረጢቱ የሚወጣው በቀን ከ1.5 ሊትር ካለፈ ሰውነት ውሃም ጨውም እያጣ ነው። ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት ያባብሰዋል፤ 1 ፓኬት ኦአርኤስ (የጨውና የስኳር ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ቀስ እያሉ መጠጣት ይሻላል። ሽንት ከጠቆረና ሲነሱ ካዞራቸው እስኪነጋ አይጠበቅ። ከዚያ ሰፈር በሌሊት መኪና ማግኘት ስለሚከብድ የሚያደርሳቸውን ሰው ቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል። የከረጢቱ ማጣበቂያ ቀዳዳ ሲቆረጥ ከወጣው አንጀት በ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይስፋ፤ ከዚያ ካለፈ ፈሳሹ ቆዳውን ይልጠዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እብጠቱ ስለሚቀንስ ልኩ በየጊዜው ይታይ።