የጎደለን የኢንተርኔት ሜጋ አይደለም፣ ተራ አስከባሪ ነው

ወላሂ ዛሬ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እናቴ ትናንት ሐኪም ቤት ነበረች። ማታ ደሴ፣ ቡናው ቀርቦ ሳለ እህቴ ከጅዳ በኢንተርኔት ደወለች። «እማ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ?» የእሷ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። እናቴ «ደህና ነሽ ብሎኛል» ትላለች፤ እዚያ አይደርስም። «እማ! ተቆራረጠብኝ! ምን አለሽ?» እናቴ ስልኩን አፏ ላይ ለጥፋ ትጮኻለች። እህቴ ማልቀስ ጀመረች። ስኒው እናቴ እጅ ላይ ቀዘቀዘ።

ጓዳ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ የሰርግ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ እየጫነ ነበር። በእሱ አልፈርድም። ያናደደኝ ሌላ ነው።

ከቤታችን ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር፣ አፕሎዱ፣ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ነው። አንድ የድምፅ ጥሪ፣ ብዙ በሚበላው የድምፅ መላኪያ ዘዴ፣ በጂ 711 እንኳ ቢሆን፣ በሰከንድ 90 ኪሎ ቢት አካባቢ ይበቃዋል። ሃያ ሰው ባንዴ ያስወራል ማለት ነው! ግን ቪዲዮው ሞደሙን፣ ቤቱን ከመስመሩ የሚያገናኘውን ሳጥን፣ ሞልቶት፣ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ የሚወጣው ትንሹ የድምፅ ቁራሽ፣ ፓኬት የሚሉት፣ ከኋላው ይቆማል። ወፍጮ ቤት አንድ ቁና ይዞ አሥር ኬሻ ካራገፈ ሰው ኋላ እንደመሰለፍ ነው። ድምፅ ደግሞ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሲዘገይ ጨዋታው ይበላሻል፤ በጣም የዘገየው ፓኬት ጭራሽ ይጣላል።

ይሄን ለማን ልንገር? ኢንተርኔቱን ለሚሰጡን ስንደውል «ፓኬጅ አሳድጉ» አሉን። አሳደግን፣ ከፈልን። ዳውንሎዱ ጨመረ፣ አፕሎዱ እዚያው ነው። የተሰጠን ራውተር፣ ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ ላይ ኪው ኦ ኤስ የሚል፣ ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስን ቁልፍ አለ፤ የመስመሩን ፍጥነት የምትነግሩበት ቦታ ግን የለውም። አንድ ባለሙያም መጥቶ ድምፁ ላይ የቅድሚያ ምልክቱን፣ ዲኤስሲፒ 46ን፣ አድርጎ ሄደ። ወረፋው ያለው ሞደሙ ውስጥ ነው፤ ሞደሙ ምልክቱን ካላነበበ ምን ይጠቅማል?

ዛሬ ጧት በራሴ ገንዘብ ሌላ ራውተር ገዛሁ። አፕሎዱን ከ2 ሜጋ ዝቅ አድርጌ 1.8 ላይ ወሰንኩት። ያን ጊዜ ወረፋው ሞደሙ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ እኔ የማዝበት ቦታ ይሆናል። ከዚያ ኬክ የሚባለውን አሠራር ከፈትኩ፤ ጥሪውንና ፋይሉን ለየብቻ ያሰልፋል። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ግማሽ ሰዓት! ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ፣ ልጁን ዓረብ አገር የላከ ቤት ስንት ነው? መስመር የምትዘረጉ ሰዎች፣ እባካችሁ ይቺን ግማሽ ሰዓት አትንፈጉን። እናት ልጇን እንድታጽናና ነው።

ማታ እህቴ ደወለች። ወንድሜን «ቪዲዮህን ጫን» አልኩት። እናቴ ሳትጮኽ፣ ቀስ ብላ «አብሽሪ ልጄ፣ ደህና ነሽ ብሎኛል» አለቻት። ከወዲያ «አልሐምዱሊላህ» የሚል መጣ።