ቅርስ ውስጥ የሚኖር ሰው

የምንኖርበት ቤት ቅርስ መሆኑን ያወቅነው ጣሪያውን ልንጠግን በተነሣን ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ ፒያሳ ውስጥ፣ ከሰባ ደረጃ ብዙም ሳይርቅ የቆመ፣ ደረጃው ሲረግጡት እንደ ሽማግሌ ጉልበት የሚንቋቋ፣ የእንጨት ሰገነት ያለው የቀበሌ ቤት ብቻ ነበር። ሁለት ቆርቆሮ ልንቀይር ስንል ግን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የመጡ አንድ ሰውዬ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ጠቅሰው፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ መጠገን እንደማይቻል በትሕትና አስረዱን። ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ተወርሶ የመንግሥት፣ በአዋጅ 209 ደግሞ የትውልድ ሲሆን፣ ለእኛ የቀረልን ፍሳሹ ነው።

ማን እንደ ሠራው ሲጠይቁን ግቢው ለሦስት ተከፈለ። የታች ቤቱ ሸማኔ አርመን ነው አሉ፤ ባለሱቁ ከህንዳዊው ነጋዴ ከመሐመድ አሊ ቤት ጋር አዛምደው ህንድ ነው ብለው ድርቅ አሉ፤ እኔም ሰፈሩ ስሙን እንኳ ያገኘው ከጣሊያን አይደለም ወይ ብዬ ለጣሊያን ተሟገትሁ። ሰውዬው ሦስቱንም ጻፉ። (ግሪክም ቢጨምሩበት በአራዳ የሚከራከራቸው አልነበረም።) ከመንዝ፣ ከቸሃ፣ ከጨንቻና ከሐረር የመጣን ሰባት አባወራዎች ቤቱን ስንት ዓመት በባላ ደግፈን እንዳቆምነው የሚሞላበት ቦታ ግን ቅጹ ላይ አልነበረም።

በዚህ ተቆጭቼ የመብራት ደብተራችንን አመጣሁላቸው። አንዱን ቆጣሪ ለሰባት የምንካፈልበት፣ አምፖል በነጠላ፣ ምጣድ ለብቻው ተሰምሮ የሚቆጠርበት፣ ስንት ጠብ ያበረደ ደብተር ነው። አገላብጠው አዩና፣ ተንቀሳቃሽ ቅርስ የሌላ ክፍል ሥራ መሆኑን ነገሩኝ። ተንቀሳቃሽ ሲሉ በ2016 ዓ.ም. ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር ለልማት የተነሡት ጎረቤቶቻችን ትዝ አሉኝ፤ ዕድርተኛው በየአቅጣጫው ሲበተን የዕድሩን ድንኳንና ብረት ድስት ማን ይውሰድ የሚለው ክርክር ከራሱ ከመነሣቱ በላይ ነበር ያደከማቸው።

በመጨረሻ ሰገነቱን ፎቶ ሊያነሡ ወጡ። ዝናቡ ጀምሯል። የደርቧ እማማ ከቀዳዳው ሥር ያኖሩት ቀይ የፕላስቲክ ሳፋ የቤቱን ጥንታዊ ገጽታ ስላበላሸባቸው፣ «እማማ፣ ለአንድ አፍታ ዞር ቢያደርጉልኝ?» ብለው ለመኗቸው።

«ዞር ባደርገው ታች ቤት ይወርዳል፣ ልጄ» አሉ እማማ፤ «እሳቸው ደግሞ አሁን ምጣድ ሰክተዋል።»