ከሚዛኑ ፊት የሚሰበክ ወንጌል

ሰሞኑን ከወሎ የካቶሊክ ቁምስናዎች (አጥቢያዎች) በአንዱ የተላለፈው ውሳኔ እንዲህ ይላል፦ በየወሩ እህል ከመታደሉ በፊት፣ እዚያው በማከፋፈያው ግቢ፣ ለአንድ ሰዓት ትምህርተ ክርስቶስ ይሰጥ። ቅር ላለው ሰው የተሰጠው መልስ ከውሳኔው ይብሳል፤ «ማንም አልተገደደም፤ የፈለገ ይቀመጣል፣ ያልፈለገ ውጭ ይጠብቃል»።

እስቲ ይህን «ያልፈለገ» የተባለውን ሰው እንየው። ከቆላ ሦስት ሰዓት በእግሯ የመጣች፣ ሕፃን ያዘለች፣ የራሽን ካርዷን በመቀነቷ የቋጠረች እናት ናት። ስሟ የሚጠራው ከመዝገብ ነው፤ መዝገቡን የያዘው ሰው ደግሞ ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጧል። ተነሥታ ብትወጣ ያያታል። ባያያት እንኳ አየኝ ብላ ትሰጋለች፤ ልጆቿን ይዛ አትወራረድም። ይህ ነፃነት ከተባለ ግዴታ ምን ሊመስል ነው?

ዕደላውን በቅርብ የሚያውቅ ሌላም ነገር ይታየዋል። የተለመደው የአስቸኳይ ጊዜ ራሽን ለአንድ ነፍስ በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ከረጢቱ ግን ባለ 50 ኪሎ ነው። ስለዚህ ቤተሰቦች ይጣመራሉ፤ አሥር ነፍስ ሲሞላ 150 ኪሎ፣ ማለትም ሦስት ከረጢት ሳይፈታ ይወጣል፤ ክፍፍሉን ራሳቸው በጣሳ ይጨርሱታል። ከቡድኑ አንዷ ስብከት ላይ ከተቀመጠች ሁሉም ይቆማል። አንድ ሰዓት የተባለው ወደ ሁለት ይሳባል፣ የዙሁር ሶላት ይደርሳል፣ ባለ አህያው ኪራይ ይጨምራል፣ የሩቅ ቀበሌ ሰው በጨለማ ገደል ይወርዳል። ካቴኪስቱ (የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ) በዚህ መሃል ያስተማረው ምንድን ነው? ወንጌል ወረፋ እንደሚያስረዝም!

«ካላስተማርናቸው ሌሎቹ ይወስዱብናል» የሚሉም አልጠፉም። ሰው መሆናቸው ተረስቶ ነው መሰል። በግዕዝ ሥርዓታችን ጥምቀትና ሜሮን አብረው ይሰጣሉ፣ ቁርባንም ይከተላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይደገሙም። ንኡስ ክርስቲያን (ለጥምቀት የሚዘጋጅ ሰው) ጊዜ ወስዶ የሚማረው፣ የክርስትና አባት ወይም እናት የሚቆምለት በከንቱ አይደለም። ስንዴው ሲቆም መምጣቱን የሚያቆም ሰው ስሙ ከባሕረ መዝገቡ አይፋቅም። ለሪፖርት ግን ያምራል።

የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ተልእኮ ባወጣው ድንጋጌ ሰውን በግድም ሆነ በማይገባ ማባበያ ወደ እምነት ማምጣትን አጥብቆ ከልክሏል። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የዕርዳታ ሥነ ምግባር ደንብም ዕርዳታ የፖለቲካም የሃይማኖትም አቋም ማራመጃ አይሁን ይላል፤ ደንቡን ካወጡት አንዱ የራሳችን የዕርዳታ ድርጅት ካሪታስ ነው። ይህን ሁሉ ያላነበበ እንኳ ወሎ ተቀምጦ ቦሩ ሜዳን እንዴት ይረሳል? ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1878 እ.ኤ.አ. እዚያ ከጠሩት ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ ተብሎ ታዘዘ፤ ብዙው ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። በማግስቱ ዓመት እኚያው ዐፄ ዮሐንስ የኛኑ ካቶሊክ ሚስዮናዊ አባ ማስያስን ከሀገር አስወጡ። ዱላውን የቀመስን እኛው፣ ዛሬ በስንዴ ልንሞክረው!

ቤተ ክርስቲያን አፏን ትዝጋ አላልኩም። ካቴኪስቱ ሚዛን አይያዝ፣ ስም አይመዝግብ። የተረጂዎች ዝርዝር በቀበሌው ይለጠፍ፣ አቤቱታ ሰሚው ኮሚቴ ውስጥ ሙስሊም ሽማግሌ ይግባ። ትምህርቱ በሌላ ቀንና በሌላ ቦታ ይሁን፤ ቀኑም ጁምዓና ገበያ አይንካ (ባቲ ላይ ሰኞ ጉባኤ ጠርቶ ሰው ጠፋ ብሎ ማማረር የዋህነት ነው)። ለበዓል በሬ ጥሎ ግማሹን ጎረቤት ጦሙን ከመስደድ ምስርና ሽሮ ይሠራ፤ ሥጋ የግድ ከሆነ ለሙስሊሙ ሙስሊም ይረድ፣ ቢላውም ድስቱም ይለይ።

ከሁሉ በፊት ግን ካቴኪስቱ ቅሬ (የወሎ እድር) ይግባ። መዋጮውን ይክፈል፣ ለሙስሊሙም መቃብር ይቆፍር፣ ቃሬዛ ይሸከም። «የናንተ ሃይማኖት ስለ ሙት ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ ሲመለሱ፣ መንገድ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጠይቀው ሰው እጁ ላይ የራሽን ካርድ የለም።

የሚቀጥለው ዕደላ ሳይደርስ ውሳኔው ይሻር። ያቺን አንድ ሰዓት አጥብቆ የፈለጋት ማታ ቡና ወደሚፈላበት ቤት ይሂድ፤ ከጠሩት።