በፊልም የተገነባ ጥላቻ በፖስተር አይፈርስም

ማርች 15፣ 2019 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ ውስጥ አንድ ነጭ ዘረኛ ጁምዓ ሊሰግዱ ሁለት መስጊድ በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ተኩስ ከፍቶ 51 ሰው ገደለ። በ2022 የተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ማርች 15ን ኢስላሞፎቢያን፣ ማለትም የእስልምናና የሙስሊም ጥላቻን፣ የመዋጊያ ዓለም አቀፍ ቀን ብሎ ሰየመው። ቀኑ መኖሩ ጥሩ ነው። ግን ቀኑ በመጣ ቁጥር ይሄን ጥላቻና ዘረኝነትን ለመዋጋት ኪነጥበብ ምን ያድርግ ሲባል መልሱ ሁሌ አንድ አይነት እየሆነ ነው፣ ቀለማቸው የተለያየ እጆች የተያያዙበት ፖስተር፣ ሁላችንም አንድ ነን የሚል ዘፈን፣ አንድ ኤግዚቢሽን፣ ከዛ በቃ እስከ ሚቀጥለው ዓመት። ሊያይ የሚመጣውም ድሮም ሙስሊም የማይጠላ ሰው ነው።

እኔ ኪነጥበብ መልስ ከመስጠቱ በፊት የራሱን ስራ መለስ ብሎ ማየት አለበት ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ጥላቻውን ከገነቡት አንዱ እሱ ራሱ ነው። በ1915 የወጣው የግሪፍዝ ፊልም፣ የአንድ ሀገር ልደት የሚባለው፣ ጥቁሮችን አውሬ አድርጎ ኩ ክሉክስ ክላን የሚባለውን የአሜሪካ ነጭ ዘረኞች ቡድን ደግሞ ጀግና አድርጎ አሳየ፣ ከስሞ የነበረው ክላን በዛው ዓመት ጆርጂያ ውስጥ እንደገና ተቋቋመና ፊልሙን ለዓመታት አባል መመልመያ አደረገው። የሙስሊሙም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጃክ ሻሂን የሚባሉ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ከ900 በላይ የሆሊውድ ፊልም መርምረው በ2001 መጽሐፍ አወጡ፣ አረብ በአብዛኛው ወይ አሸባሪ ወይ ሴት አሳዳጅ ሼክ ሆኖ ነው ያገኙት። የዲዝኒ አላዲን እንኳን በ1992 ሲወጣ መክፈቻ ዘፈኑ ስለ ጆሮ ቆራጮች ሀገር ነበር የሚያወራው፣ አረብ አሜሪካውያን ጮኸው ጮኸው በ1993 ቪዲዮው ሲወጣ ስንኙ ተቀየረ፣ ሀገሩን አረመኔ የሚለው ቃል ግን እዛው ቀረ። ይሄ እንግዲህ ለልጆች የተሰራ ፊልም ነው፣ ልጁ አንድም ሙስሊም ጎረቤት ሳይኖረው በፊት ፍርዱን ይዞ ያድጋል ማለት ነው።

ተዋናዩ ሪዝ አህመድ ከደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በ2021 ይፋ ያደረገው ጥናት ደግሞ ሌላኛውን ገጽ ያሳያል። ከ2017 እስከ 2019 አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ ብዙ ሰው ያያቸው 200 ፊልሞች ተቆጠሩ፣ አፍ አውጥተው ከሚናገሩት ገጸ ባህሪያት ሙስሊሞቹ 1.6 በመቶ ብቻ፣ 181ዱ ፊልም ውስጥ ጭራሽ አንድም የለም። ኒውዚላንድ ከአራቱ አንዷ መሆኗን ልብ በሉ።

እና ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ "እሺ እንግዲያው ጥሩ ሙስሊም እናሳይ" ይላል። እኔ እዚህ ጋር ነው የማልስማማው። ያ ጥሩ የሚባለው ሙስሊም ሀኪም ነው፣ ደግ ነው፣ መጨረሻ ላይ ራሱን ሰውቶ ነጩን ልጅ ያድናል፣ ማለትም ሰው ለመባል ፈተና ማለፍ አለበት። ሌላው ገጸ ባህሪ እኮ ምንም ሳያደርግ ሰው ነው። ሙስሊሟ ልጅ ትቅና፣ ትዋሽ፣ ፈተና ትውደቅ፣ ከእናቷ ጋር ትኮራረፍ፣ የማይሆን ሰው ትውደድ፣ ሶላቷም በታሪኩ መሀል እንደማንኛውም የቀን ስራ ትለፍ። ይሄን ደግሞ ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ካልጻፈው ያስታውቃል። ቀሚሱና ሂጃቡ በትክክል ይለበሳል፣ ንግግሩ ግን የሌላ ሰው ነው።

ቆይ ግን ኪነጥበብ የሰው ሀሳብ ይቀይራል ወይ? በዚህ ላይ እኔን በጣም ያሳሰበኝ የሩዋንዳው ነገር ነው። ጥላቻው እዛ የብሔር እንጂ የሃይማኖት አልነበረም፣ ግን ትምህርቱ ለዚህም ይሆናል። በ1994ቱ ጭፍጨፋ ሬዲዮ ዋና መቀስቀሻ እንደነበር የታወቀ ነው፣ በ2004 ደግሞ እዛው ሀገር በሬዲዮ ስለ ሁለት የተጣሉ መንደሮች የሚተርክ የእርቅ ድራማ ተጀመረ። ኤሊዛቤት ሌቪ ፓሉክ የምትባል ተመራማሪ አድማጮቹን ለአንድ ዓመት ተከታትላ በ2009 ያሳተመችው ውጤት የሚገርም ነው፣ ሰዎቹ በውስጣቸው የሚያምኑት ነገር ብዙም አልተቀየረም፣ የተቀየረው በሰው ፊት ምን ይባላል ምን አይባልም፣ ሌላው ምን ይጠብቅብኛል የሚለው ነው፣ ጸባያቸውም አብሮ ተቀየረ፣ የማይስማሙበትን ነገር በግልጽ መናገር ጀመሩ። ይሄ ትንሽ የሚመስለው ሰው ካለ በደንብ ያስብበት። አውቶቡስ ውስጥ ሂጃብ የለበሰች ሴት ስትሰደብ ሰዳቢው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፣ ዝም የሚለው ግን አውቶቡስ ሙሉ ሰው ነው። ኪነጥበብ የሰዳቢውን ልብ ባይነካ እንኳን የዝምተኞቹን አፍ መክፈት ይችላል።

እንግሊዝ ውስጥ የሆነውም እሱ ነው። በ1976 ታዋቂው ጊታር ተጫዋች ኤሪክ ክላፕተን በርሚንግሃም መድረክ ላይ ቆሞ ስደተኞች ይውጡ አለ፣ ጥቂት ሰዎች በንዴት ለሙዚቃ ጋዜጦች ደብዳቤ ጻፉ፣ ከዛ ደብዳቤ ሮክ አጌንስት ሬሲዝም (ሮክ ሙዚቃ በዘረኝነት ላይ) የሚባለው እንቅስቃሴ ተወለደ። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፣ የነጮቹን ፓንክ ሙዚቃና የጥቁሮቹን ሬጌ አንድ መድረክ ላይ አወጡ፣ አንዴ ብቻም አይደለም፣ በየከተማው ደጋግመው። ኤፕሪል 30፣ 1978 በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት ከትራፋልጋር አደባባይ ተነስቶ እስከ ቪክቶሪያ ፓርክ በእግሩ ሄዶ ኮንሰርቱን አየ። ናሽናል ፍሮንት የሚባለው ዘረኛ ፓርቲ በ1979 ምርጫ ክፉኛ ወደቀ፣ ሙዚቃው ብቻውን ነው የጣለው አልልም፣ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረ፣ ግን ዘረኝነት ለወጣቱ አሪፍነት መሆኑ እንዲቀር ሙዚቃው ትልቅ ድርሻ ነበረው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 ሳን ፍራንሲስኮ አውቶቡሶች ላይ ጸረ እስልምና ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፣ ሰዎች ሄደው በላዩ ላይ ካማላ ካንን ለጠፉበት፣ ከ2014 ጀምሮ የራሷ ኮሚክ ያላት ሙስሊም ታዳጊ ጀግና ናት። ሊለጥፏት የቻሉት አስቀድሞ ስለነበረችና አንባቢ ስለወደዳት ነው፣ ጥቃት በደረሰ ማግስት ተሯሩጠው ቢፈጥሯት ማንም አያውቃትም ነበር።

ስለዚህ በጀት የያዛችሁ ቴሌቪዥኖች፣ የኪነጥበብ ፈንዶች፣ ፌስቲቫሎች፣ መስጊድ መጠበቅና ወንጀለኛን መቅጣት የመንግስት ስራ ነው፣ እሱን በዘፈን አትተኩትም፣ የእናንተ ስራ ሌላ ነው። ለአንድ ቀን ኤግዚቢሽን የመደባችሁትን ገንዘብ ለብዙ ዓመት የሚቆይ ተከታታይ ድራማ አውሉት፣ ጸሐፊዎቹ ሙስሊሞችና ጥቁሮች ይሁኑ፣ በአማካሪነት ስም ዳር ላይ አታስቀምጧቸው፣ ደህና ክፍያ ይከፈላቸው፣ ዋናው ሰዓት ላይ ይተላለፍ፣ ከስክሪፕቱ የቱ ይውጣ የቱ ይቅር የሚለውንም ራሳቸው ይወስኑ።