ይድረስ ለክቡር የተማሪ መልቀቂያ፣ ባሉበት መሳቢያ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል ክቡር መልቀቂያ? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆት ስል የምሬን ነው፣ እርስዎን ፍለጋ እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ፒያሳ ስመላለስ የታክሲ ረዳቶቹ ራሱ "ዛሬስ ሰጡሽ?" ማለት ጀምረዋል።

ነገሩን ያውቁታል። እህቴ ኪራይ ሲጨመርባት ጊዜ ከፒያሳ ለቃ አዘዞ ገባች፣ ልጇ ደሞ ዘጠነኛን ጨርሳለች፣ አስረኛን ሰፈሯ ትማር አልን በቃ ይሄው ነው ጥፋታችን። የድሮው ት/ቤት "መጀመሪያ ተቀባይ እንዳለሽ ደብዳቤ አምጪ" አለ፣ አዲሱ "መጀመሪያ መልቀቂያ አምጪ" አለ፣ እኔ መሀል ላይ ጉርድ ፎቶ ይዤ ቀረሁ። ደሞ ቦታ የለም ይላሉ፣ መስፈርቱ በክፍል 40 ነው ብለው። በመስኮት ሳይ አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ተጣብቋል፣ የትኛው 40 እንደሆነ እንጃ።

ከዛ ክሊራንስ፣ የት/ቤት ንብረት የለባትም የሚል ወረቀት። የባዮሎጂ መጽሐፍ መልሺ ተባለች። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ መጽሐፍ ለሦስት አንድ ነው፣ ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ያነበበችው በቴሌግራም የመጣ ፒዲኤፍ በናቷ ስልክ፣ እንግዲህ ስልኩን ላስረክብ ወይ? ይሄን ስናስተካክል ማህተም የያዘው ሰውዬ ስልጠና ሄደ፣ ሲመለስ መብራት ሄደ።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ይሄ አይደለም።

እዛው መስኮት ስር ቆሜ አንድ ጎረምሳ መጣ። አጥር ሲዘል ዩኒት ሊደሩ (የተማሪ ተቆጣጣሪው) እግሩን ቢይዘው ጫማውን ጥሎለት የሄደ ነው አሉ፣ ወላጅ አምጣ ሲባል ደሞ የባጃጅ ሹፌር ሃምሳ ብር ሰጥቶ "አጎቴ ነው" ብሎ አቅርቧል። እሱን ለመቅጣት ማስጠንቀቂያ አለ፣ ፊርማ አለ፣ ዲስፕሊን ኮሚቴ ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ መያዝ አለ፣ ማን ይሄን ሁሉ ይጽፋል? ስለዚህ እርስዎ ተጻፉ። በአስር ደቂቃ! ያውም ማንም ሳይጠይቅ ፀባይ የሚለው ላይ "እጅግ በጣም ጥሩ" ተብሎ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ልጁ እፍ እፍ እያለበት ወጣ። ምን ያድርጉ፣ ፀባይ ላይ መጥፎ ከተጻፈ ማን ይቀበላቸዋል፣ ተመልሶ እነሱው ጋ ነው።

እኔምለው፣ የቆሎ ተማሪ ከጎጃም ቅኔ ቤት ተነስቶ አቋቋም (የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት) ሊማር እዚሁ ጎንደር በአታ ሲመጣ አኮፋዳና ደበሎውን ይዞ ነው እኮ። የኔታ እስቲ የያዝከውን አሰማኝ ይሉታል እንጂ ክሊራንስ የታል አይሉትም። (ዲስፕሊኑ ግን ለኛ ልጆች የሚሆን አይመስለኝም፣ እሱስ ይቅር።)

ለማንኛውም በስንት ደጅ ጥናት መስከረም 29 እጄ ገቡ። እናመሰግናለን። ፀባይ፦ "ጥሩ" ይላል። ጥሩ ብቻ። ሲጠሯት እንኳን ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት። ለምን ስል "ማን እንደሆነች አላስታወስናትም" ተባልኩ።

አዲሱ ት/ቤት ስትገባ ያ ጎረምሳ ቀድሟት ደርሷል። ፀባዩ ታይቶ የክፍል አለቃ ሆኗል። ትናንት መምህር ሲቀር የረባሽ ስም ያዘ አሉ፣ አንደኛ ላይ የጻፈው እሷን ነው።