ሂተሩ ሲሸት «ሽቶ ስቀልበት» የምትሉን ሰዎች ግን

ቆይ ግን በዚህ ከተማ መኪናዬ ሸተተ ስትል «ምን ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቅ መካኒክ ጠፋ እንዴ? አዲስ አበባ ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲወርድ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ይለብሳል፣ ሂተር ትከፍታለህ፣ የሚመጣው ሽታ ያጥወለውላል። ተሳፋሪ አፍንጫውን ይይዛል፣ ሕፃን የያዘች እናት ከሆነች ደሞ ብርዱን እየቻለች መስኮት ትከፍታለች። ጋራዥ ስትሄድ ኮፈን እንኳ ሳይከፈት «ሽቶ ስቀልበት ወንድሜ፣ ካልሆነ ላቫጆ ወስደህ ምንጣፉን አሳጥበው» ይሉሃል። በክረምት የታጠበ ምንጣፍ መቼ ነው የሚደርቀው? ሁለት ሽታ ይዘህ ትመለሳለህ።

ሽታ እኮ ዓይነት አለው! እኛ የምንነዳቸው አብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች ላይ ሂተሩ የራሱ ማሞቂያ የለውም፣ ሞተሩ ያሞቀው ውሃ ነው በቱቦ አድርጎ ክሩስኮት (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ውስጥ ወዳለችው ትንሽዬ ራዲያተር የሚመጣው፣ ፋኑ በሷ ውስጥ አየር ይነፋና ሙቀቱ ወዳንተ ይመጣል። ስለዚህ ሽታው ወይ ከዛ ውሃ ነው፣ ወይ አየሩ ከሚገባበት መንገድ ነው፣ ወይ ከሞተሩ ክፍል ነው። ሦስት ቦታ ነው በቃ፣ ሦስት ቦታ ማየት ለምን እንደሚከብድ አይገባኝም።

እርጥብ ጨርቅ፣ ሻጋታ ሻጋታ የሚል ከሆነ ኮፈኑን ክፈቱና ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ተመልከቱ፣ የውጭ አየር የሚገባው በዛ ነው። ዛፍ ሥር የምታቆሙ ሰዎች በተለይ! የኔ ላይ የጽድ ቅጠልና የግራቪሊያ አበባ በስብሶ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ነበር፣ በእጄ ስዝቀው ውስጡ ትል ይርመሰመሳል፣ እና እኔና ተሳፋሪዎቼ በዛ ላይ ያለፈ አየር ነበር ስንተነፍስ የከረምነው። ከዛ ደሞ የካቢን ፊልትሮ አለ፣ ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራው፣ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ከጋቢና ተሳፋሪው ጉልበት ፊት ካለው ኪስ ጀርባ ነው፣ ኪሱን ጎንና ጎኑን ጨመቅ አድርጎ ማውረድ ነው፣ መፍቻ እንኳ አይፈልግም። ስናወጣው ነጭ የነበረው ነገር ከሰል መስሏል፣ ላዩ ላይ አይጥ ሶፍት ቀዳዳ ጎጆ ሠርታ የሽምብራ ልጣጭ አከማችታለች። መኪናውን ስንት ጋራዥ ሲያየው ኖሯል፣ አንድ ሰው እንኳ ፊልትሮ እንዳለው አልነገረኝም! አሮጌ መኪና ከሆነ ቦታው ባዶ ሊሆንም ይችላል፣ እሱንም ማየት ነው። ኤሲ የምትጠቀሙ ደሞ ሞተር ከማጥፋታችሁ በፊት ኤሲውን አጥፍታችሁ ፋኑን ብቻ ትንሽ አስነፉት፣ ውስጡ ያለው እርጥበት ይደርቃል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ጣፈጥ ያለ፣ ሽሮፕ ሽሮፕ የሚል ሽታ ካለ ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ የሚሞላው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው፣ ያቺ ትንሿ ራዲያተር እያፈሰሰች ነው ማለት ነው። መስታወቱ ከውስጥ ቅባት ነገር ይይዛል፣ በጨርቅ ስትጠርገው ይጨማለቃል እንጂ አይጠራም፣ የጋቢናው ምንጣፍ ይረጥባል፣ ከመኪናው ሥር ጠብታ ሳይታይ የራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል። ግን እዚህ አገር ስንቱ ነው ኩላንት የሚሞላው? የቧንቧ ውሃ ነው የሚሞላው! ከዛ ውስጡ ይዝጋል፣ ዝገቱ ትንሿን ራዲያተር ይበሳታል፣ ውሃ ብቻ ስለሆነ ጣፋጩ ሽታ የለም፣ ምንጣፉ ብቻ ይገማል፣ መካኒኩም «ዝናብ አስገብቶ ነው» ይልሃል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ እኮ ነን፣ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርጉት ኩላንትና ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ከማንም በላይ የሚያስፈልገን እኛን ነው። መካኒኮቹ ግን መኪና ሞቀ ስትላቸው ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን፣ አውጥተው ይጥሉታል! ከዛ ሞተሩ በደንብ አይሞቅም፣ ሂተሩ ለብ ያለ አየር ይሰጥሃል፣ የመስታወቱ ጉም አይለቅም። ይባስ ብሎ የሂተሩን ሁለት ቱቦ እርስ በርስ አገናኝተው፣ ሙቁ ውሃ ወደ ሂተሩ እንዳይደርስ አድርገው፣ «ይኸው ማፍሰሱ ቆመ» ብለው ብር ይቀበሉሃል፣ ማታ በዝናብ ፊትህ ያለው እግረኛ ሳይታይህ እንድትነዳ ነው እንግዲህ። ይሄ ጥገና ነው? ሰው የሚገጭበት ነገር ነው!

የተቃጠለ ዘይት የሚሸት ከሆነ ዘይት ከሞተሩ አናት ካለው ጋስኬት (ማሸጊያ) ሾልኮ ጭስ ማውጫው ላይ እየነደደ ሊሆን ይችላል፣ ጋስኬቱን ቀይሮ ማጽዳት ነው። ቤንዚን ከሸተታችሁ ግን አትንዱ፣ አቁማችሁ አሳዩት።

የጭስ ሽታ ነው ዋናው። ጭስ ከማኒፎልዱ (ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበት ቱቦ) ወይም ከተበሳ ማርሚታ ወጥቶ ጋቢና ከገባ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዘኛ ጋዝ አብሮት ይገባል፣ እሱ ራሱ ደሞ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው ምልክቱ፣ ሹፌር ደሞ ድካም ነው ብሎ ያልፈዋል። ማታ ማታ ሥራ እየጠበቃችሁ ሞተር አስነስታችሁ፣ ሂተር ከፍታችሁ፣ መስኮት ዘግታችሁ የምትተኙ ወንድሞቼ እባካችሁ ተዉት፣ ብርድ ልብስ ያዙ። እንደዛ እንቅልፍ ወስዶት ያልነቃ ሰው አለ።

መካኒኮችም ስሙን፣ ብራችንን እኮ እየከፈልን ነው። ቁልፍ ተቀብላችሁ ሂተሩን ከፍታችሁ አሽትቱት፣ ምንጣፉን ገልጣችሁ በእጃችሁ ንኩት፣ የራዲያተሩን ውሃ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እዩት። ሶማሌ ተራ (መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር) ሂድና ይሄን ግዛ ከማለታችሁ በፊት ለምን እንደምገዛው ንገሩኝ። ቴርሞስታት መልሶ የሚገጥም፣ ትንሿን ራዲያተር አውርዶ በትክክል የሚሠራ ጋራዥ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ሩቅም ቢሆን እሄዳለሁ።